አሥራ ሰባት ቁጥር

«ቀን መቁጠሪያውን ማነው ያነሳው?»

ወለተሐና ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከለቅሶ ሌላ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። ዕለቱ ሠልስት ነው፤ ጠዋት። ፍራሹ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ሠናይት ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። እውነትም የለም። የእድሩ ሰዎች የመብራት ገመድ ወደ ድንኳኑ ሲዘረጉ አውርደው ወንበር ላይ ጥለውታል።

«መልሱት» አለች ወለተሐና። «ሰው ሳይገባ መልሱት።»

ጎረቤታቸው ይመኙሻል የንፍሮውን ሰፌድ አስቀምጣ ሰቀለችው። የ2013 ዓ.ም. ቀን መቁጠሪያ ነው፤ የሥላሴ ሥዕል ያለበት፣ ጥጉን አይጥ የቀማመሰው። ዘመኑ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ቤት ግን አውልቆ ሊጥለው የሚደፍር የለም፤ የተሰቀለው ቀን ሊቆጠርበት አይደለምና።

ከጀርባው ያለው የሟቹ የኃይለ ገብርኤል ሰሌዳ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ከሠርግ ፎቶው ጎን የሥራ መሣሪያ የሚሰቅል ሰው በደብረ ብርሃን ከእሱ ሌላ ያለ አይመስልም። ግራጫ ቀለም የተቀባ ጣውላ ላይ ቁልፉ፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው በተርታ ተሰቅሏል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የዕቃው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል። አንዱ ሲጎድል ጥቁሩ ቅርጽ ወለል ብሎ ይታያል። አውሮፕላን የሚጠገንበት ቤት ሁሉ ወጉ እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ ሃያ አራት ቅርጽ አለ፤ ዕቃው ግን ሃያ ሦስት ነው። ኃይለ ገብርኤል ከሥራ ወጥቶ ቤቱ የገባ ጊዜ ሰሌዳውን ሲሠራ የሌለውንም ካቻቢቴ ቅርጽ ሳለለት። ወለተሐና «የሌለ ዕቃ ምን ይሳላል?» ብትለው «ቦታው ነዋ» አላት። በማግስቱ ቀን መቁጠሪያውን አምጥታ ሸፈነችው።

ሠናይት ደክሟታል። ሦስት ቀን ሙሉ «እግዜር ያጥናሽ» ላለ ሁሉ አንገቷን ስትደፋ ማጅራቷ ደርቋል። እንባዋም እንደ ሰፈሩ ቧንቧ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ትናንት በመኪና የመጡ ዘመዶች ሲያለቅሱ እሷ የምታስበው ጫማዋን ስለማውለቅ ነበር። በዚህም አፍራለች።

በሩ አጠገብ ይመኙሻል ከእነዋሪ ለመጣች አንዲት ዘመድ እያንሾካሾከች ነው።

«እንዲያ ያለ ባለሙያ እኮ ነበር። ካቻቢቴ አውሮፕላን ውስጥ ረስቶ ነው ያባረሩት።»

«እኛ ጋ መጠጥ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ኧረ በሥላሴ! ጠላ እንኳ አይቀምስም። መርሳት ነው። ዕድሜ ነው መቼስ።»

ሠናይት ሰማች። አራት ዓመት ስትሰማው የኖረችው ነው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዋጠችው።

አባቷ የተወለደው ከካህናት ቤት ነው። ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ዛሬም ጎረቤላ አጠገብ ያስተምራሉ። እሱ ግን ቅኔውን ጥሎ ሞተር ወደደ። አንድ ጊዜ መሪጌታ «እኔ መዝሙረ ዳዊት እቆጥራለሁ፣ አንተ ብሎን ትቆጥራለህ» ብለው ቢቀልዱበት፣ «ያንተ ቢጎድል እግዜር ይሞላዋል፤ የኔ ቢጎድል ሰው ይወድቃል» ብሎ መለሰላቸው። ሠናይት መቁጠር የተማረችው ከትምህርት ቤት በፊት ከእሱ ነው። ቀይ ጨርቅ ዘርግቶ መሣሪያውን ይደረድርላትና በጣቷ እየነካች እስከ ሃያ አራት ትቆጥራለች። አድጋም እሱ ወደሚሠራበት ድርጅት ገባች። ትንሽ የግል ድርጅት ነው፤ በትንንሽ አውሮፕላኖች ቱሪስት ያመላልሳል፣ ከገጠር በሽተኛ ያነሳል። አባቷ እዚያ የመጨረሻው ፈራሚ ነበር። የተጠገነ አውሮፕላን እሱ ካልፈረመ አይነሳም።

ያን ዕለት ጥድፊያ ነበር። በነጋታው ማለዳ ካፒቴን እሱባለው ስምንት ቱሪስት ይዞ ወደ ደቡብ ይበራል። ሠናይት የአውሮፕላኑን የኋላ ወለል ከፍታ፣ ከሥሩ የሚያልፈውን የጭራውን መሪ ገመድ አጥብቃ፣ ወለሉን መልሳ መዝጋት ነበረባት። የራሷ ካቻቢቴ ጫፉ ተበልቶ የገመዱን ብሎን አልይዝ አላት። ሌላ ለማውጣት ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዶ መፈረም አለ። የአባቷ ሣጥን ግን ሁለት እርምጃ ላይ ተከፍቶ ነበር። እጇን ሰደደችና አሥራ ሰባት ቁጥር ካቻቢቴውን አነሳች። አልነገረችውም። የአባት ዕቃ ነው፤ ምን ይነገራል?

ስትጨርስ፣ ወለሉን ከመዝጋቷ በፊት የራሷን ሣጥን ቆጠረች። ሃያ አራት፤ ሞልቷል። ሊጎድልም አይችልም፤ ወለሉ ሥር የቀረው ዕቃ የእሷ አልነበረም።

«ቆጠርሽ?» አላት አባቷ መዝገቡን ይዞ መጥቶ።

«ቆጥሬያለሁ፣ አባዬ።»

የዘጋው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወለሉን አስከፍቶ በባትሪ ያይ ነበር። ልጁን ግን አመነና፣ በጥድፊያው የራሱን ሣጥን ሳይቆጥር ፈረመ።

በነጋታው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲወርድ ካቻቢቴው ተንሸራቶ ገመዱ መሐል ተወተፈ። እሱባለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ማድረግ አቃተው። እንደ ምንም ጎትቶ ከማረፊያው አሳልፎ ጭቃ ውስጥ አቆመው። ሰው አልሞተም። የእሱባለው ቀኝ ትከሻ ግን ተሰብሮ ዳግመኛ እጁ ከጆሮው በላይ አልወጣም፤ ያለዚያ ደግሞ መብረር የለም። ካቻቢቴውን ከወለሉ ሥር ሲያወጡት እጀታው ላይ የኃይለ ገብርኤል ስምና አሥራ ሰባት ቁጥር ተቀርጾ ተገኘ።

አጣሪዎቹ «የማነው?» አሉ። «የኔ ነው» አለ አባቷ። «ማን ሠራበት?» ሲሉት «እኔ» አለ። ሠናይት እዚያው ቆማ ነበር፤ ዞሮ አላያትም። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሸኖን እንዳለፉ፣ አውቶቡስ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ገና ሠላሳ ዓመት ትሠሪያለሽ፤ እኔ ጨርሻለሁ» አላት። «ብቻ የተዋስሽውንም ቁጠሪ።» ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንስቶ አያውቅም። የወፍጮ ሞተርና የውኃ ፓምፕ እየጠገነ ኖረ። የሞተውም ወፍጮ ሊጠግን ጎረቤላ ሄዶ፣ ከመኪና እንደወረደ ልቡ ቆሞ ነው።

እሷ እውነቱን ነገ እናገራለሁ ስትል አራት ዓመት አለፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የአባቷን ቦታ ልትይዝ ነው። የምትፈርመው እሷ ትሆናለች።

እኩለ ቀን ላይ ካፒቴን እሱባለው ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ የሚጨብጠው በግራ እጁ ነው። ዛሬ እዚያው ድርጅት የበረራ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ከጠረጴዛ ኋላ ይውላል። ሃያ ዓመት የኃይለ ገብርኤል የልብ ወዳጅ ነበር፤ ከአደጋው ወዲህ ግን ይህን ደጅ ረግጦ አያውቅም።

ወለተሐና አየችው። «አይ እሱባለው! ሲጠራህ ቀርተህ ዝም ሲል መጣህ?»

«ልክ ነሽ» አለ። አልተቀመጠም። ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ሃያ ዓመት እሱ የፈረመውን ዓይኔን ጨፍኜ አብርሬያለሁ። ያ ቀን ሲመጣ ቂም ያዝኩበት። ይህችን ካቻቢቴ ምርመራው ሲያልቅ ለምኜ ወሰድኳት፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እንዳልረሳ ሳያት ኖርኩ። ሲደውልልኝ አላነሳሁም። ዛሬ በሰው ፊት፣ በመሪጌታ ፊት፣ ይቅር ብዬዋለሁ። እግዜርም ይቅር ይበለው።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

ከሽማግሌዎቹ መሐል የተቀመጡት መሪጌታ ዘርአ ዳዊት መስቀላቸውን አነሱ። አሜን ያላለች ሠናይት ብቻ ነበረች። ሦስት ቀን ሲመጣ ሲጠፋ የሰነበተው እንባ በዚህ ጊዜ መጣ፤ ያመጣው ግን ኀዘን አልነበረም፣ እፍረት ነው። አባቷ አፈር ውስጥ ሆኖ እንኳ በእሷ ጥፋት ይቅርታ እየተደረገለት ነው። በእጇ ፍራሹን ተደግፋ ተነሳች።

«ጋሼ፣ አባዬን ይቅር አይበሉት።»

«ምን አልሽ?»

«እሱ አልበደለዎትም። እኔ ነኝ። ከሣጥኑ ሳልነግረው ወስጄ ወለሉ ሥር የረሳሁት እኔ ነኝ። ቆጠርሽ ሲለኝ ቆጥሬያለሁ አልኩት፤ የቆጠርኩት የራሴን ነበር። እሱ ለእኔ ብሎ ነው ጥፋቱ የኔ ነው ያለው።»

«ውኃ አምጡላት» አለች ይመኙሻል። «ኀዘኑ ነው።»

«ኀዘኑ አይደለም፣ እትዬ። እውነቴን ነው።»

እሱባለው እጁን አየ። መሐረቡ በእጁ ላይ ተፈቶ ካቻቢቴው ይታያል። «ሰባት ጊዜ ደውሎልኛል» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ አይታወቅም። «ሰባት ጊዜ። የሚለምነኝ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ይህን በገዛ እጅሽ ትጽፊያለሽ።»

«እጽፋለሁ።»

«ፈቃድሽን ይወስዱብሻል።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ካቻቢቴውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና፣ ይወጣል ሲሉት፣ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ሄዶ ተቀመጠ። አቀርቅሮ፣ በግራ እጁ ዓይኑን ሸፍኖ አለቀሰ።

ሠናይት እናቷን ለማየት ፈራች። ወለተሐና ግን እሷን እያየች አልነበረም።

«እኔ እኮ ሰድቤዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አራት ዓመት። ሞተር ሊጠግን ሲወጣ፣ እዚያም ረስተህ ና፣ እለው ነበር። ይስቃል። አንቺ ልጅ፣ እየሰማሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ፣ እማዬ።»

ወለተሐና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ሊደግፏት የተዘረጉትን እጆች አልፋ ምንጣፉ ላይ ያለውን ካቻቢቴ አነሳች። ግድግዳው ጋ ደርሳ ቀን መቁጠሪያውን አወረደችና ወንበሩ ላይ ጣለችው። ጥቁሩ ቅርጽ ለለቀስተኛው ሁሉ ታየ። ካቻቢቴውን እጀታውን ወደ ታች አድርጋ ሞከረችው፤ አልገባም። ገለበጠችውና ቅርጹ ላይ ባሉት ሁለት ምስማሮች መሐል ልክ ገባ። እጇን ከላዩ አላነሳችም።

«ነይ ቁጠሪ» አለች፣ ሳትዞር።

ሠናይት ሄዳ አጠገቧ ቆመች። ቀይ ጨርቅ ላይ እንደለመደችው ከመጀመሪያው ጀምራ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሥራ ስድስት ብላ፣ ጣቷ የእናቷ እጅ ጋ ሲደርስ ቆመች።

«አሥራ ሰባት» አለች እናቷ፣ እጇን ከካቻቢቴው ላይ እያነሳች።

ሠናይት ከአሥራ ስምንት ቀጠለች።