የወፈረው ተልባ

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ሰው ለሚወደውና ለሚያከብረው ሲሰጥ፥ አትረፍርፎና አበርክቶ መስጠትን የፍቅሩ ምስክር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን የተቀባዩን ደጅ ጥበት አስቀድሞ የሚመረምር ሰጪ ብርቅ ነው።

በአንድ የምርምር ቤት መምህር ይትባረክ የሚባሉ፥ በዕውቀት የጠለቁ፥ በጠባይ የለሰለሱ ሊቅ ነበሩ። በእናታቸው ቤት ለእንግዳ የቀጠነ ተልባ ማቅረብ ነውር ነበርና፥ ከተልባ ፍሬ ያወጡትን ሙጫ እንኳ ወደ መመርመሪያው መሣሪያ የሚያስገቡት አወፍረው ነበር። መሣሪያው ቀዳዳማ በሆኑ ደቃቅ እንክብሎች የተሞላ ቱቦ ሲሆን፥ ውኃ እየገፋ የሚያሳልፈውን ሙጫ በየመጠኑ ይለያል፤ ታላላቁ ሞለኪውል በእንክብሎቹ መካከል ፈጥኖ ይወጣል፥ ታናናሹ ግን በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል። የሚወጣውን ሙጫ እየለካ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ በሚሣለው መስመር አንድ ጉብታ ሲጠበቅ ሁለት ቢታያቸው፥ መምህሩ ማንም ያላወቀውን ሁለተኛ ሙጫ አገኘሁ ብለው ሐሴት አደረጉ፤ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበርና፥ በመሰናበቻቸው ጉባኤ ይህንኑ ሊያውጁ ተዘጋጁ።

ደቀ መዝሙራቸው አስካለ ግን ተጠራጠረች። የወፈረው ሙጫ በቱቦው ውስጥ እኩል መሄድ አቅቶት፥ ከኋላው የሚገፋው ቀጭን ውኃ እንደ ጎርፍ እየቦረቦረ ለሁለት ከፍሎት ይሆናል ብላ አሰበች። ብትናገር የምትወዳቸውን አዛውንት ደስታ ታፈርሳለች፤ ዝም ብትል በሊቃውንት ፊት እንዲያፍሩ ትተዋቸዋለች።

«ጋሼ፥ ይህን ተልባ ብናቀጥነውስ?» አለች፥ ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

«ቀጭን ተልባ? እናቴ ብትሰማሽ ከደጅ ትመልስሽ ነበር።»

«የዛሬው እንግዳ እኮ ጉሮሮው ጠባብ ነው፥ ጋሼ።»

መምህሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ከሰመ። በገዛ እጃቸው ሙጫውን አቅጥነው ቢያስገቡት፥ ሁለቱ ጉብታዎች ተቀራረቡ፤ ደግመው ቢያቀጥኑት አንድ ሆኑ፤ ሦስተኛም ቢያቀጥኑት፥ ያ አንዱ ጉብታ ከስፍራው አልተናወጠም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፥ መልሰው አድርገው ያንን አንድ ጉብታ ደግመው ተመለከቱ።

«ሁለተኛው ሙጫ የእናቴ ልግስና ኖሯል» አሉ በመጨረሻ። «ይህን መጠራጠር ማን አስተማረሽ፥ እሜቴ?»

«እርስዎ ነዎት። ደስ ያሰኘንን ውጤት አብልጠን እንመርምር ይሉን የለ።»

በጉባኤውም መምህሩ ስሕተታቸውን ከነእርማቱ በግልጽ አስረዱ፥ የአስካለንም ስም በአባት ኩራት ጠሩ። ሲወጡ እርሷ በአዳራሹ በር ቆማ፥ ማንኪያ የሚያቆም ወፍራም ተልባ በዋንጫ ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ይኸኛው እንግዳ እንኳ ጉሮሮው ሰፊ ነው» ብለው እስከ አተላው ጠጡት። የሚወድ ሁሉ አብዝቶ ይሰጣል፤ ወዶም የሚያስተውል ግን ለአንዱ አቅጥኖ፥ ለሌላው አወፍሮ ይሰጣል።