ሞተር የማይሰድብ ሰው

የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ሞተር ሳይክል በመንገድ ሲያልፍ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «የዚህስ ቫልቩ ላልቷል» የሚል መካኒክ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተር እሳት ያስተካከለው በጆሮው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የምራቱን እጅ እያየ አፉን ከፍቶ ቀረ ቢባል ማን ያምናል?

ቀረ እንጂ! ምራቱ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ናት። ያን ቀን ጠዋት ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእህቱን ሞተር ሳይክል ፈታታችው። አሮጌውን ፑንቲና፣ ያን እየተከፈተ እየተዘጋ ለካንዴላው እሳት የሚያስልከውን ብረት፣ ነቀለችና በቦታው ማግኔትና ሴንሰር አሰረች። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ የእሳቱን ሰዓት የምትወስን፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን ገጠመች፤ ካንዴላው ላይም አዲስ የፕላስቲክ ቆብ ሰካች። ጥቁሯን ገመድ ከሻሲው፣ ቀይዋን ከባትሪው፣ ቢጫዋን እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና። እያንዳንዷን በይዳ ስትጨርስ ጎተት አድርጋ ትፈትናታለች። ተንጠልጥላ የቀረች አንዲት ገመድ የለችም። «ወይ እጅ!» አለ ጆሮ በሆዱ።

የሞተሩ ባለቤት እህቱ አዋላጅ ናት፤ በየመንደሩ እየዞረች ነው የምታዋልደው። ከአራት ወር በፊት ማስነሻውን ስትረግጠው ሞተሩ መልሶ መታትና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። አሁን ድኗል። ግን ማስነሻውን ገና ስታየው እግሯ ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ ሰኞ ሞተሩን ራሷ አስነስታ ካልመጣች ቢሮ ቁጭ ብላ ካርድ ታወጣለች። እሷን ካርድ አውጪ! ቁም ሞት ማለት ነው።

ጆሮ ግን አንድ ነገር ደብቋል። ያኔ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ያቃስትብኛል» ስትለው፣ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ እሳቱን አለመጠን ያስቀደመው እሱ ነው። እሳቱ ከሚገባው በላይ ከቀደመ ሞተር ሲረገጥ መልሶ ይመታል። ይህንን ትናንት ሥራ የጀመረ መካኒክም ያውቀዋል። አራት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለም።

ምራቱ ላፕቶፗን ከፍታ ከሳጥኑ ጋር አገናኘችው።

«አባባ፣ ይሄ መስመር እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት ነው። በእግር ሲረገጥ ይዘገያል፣ ስለዚህ አይማታም። ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ ራሱ ይቀድማል። ዳገት ላይ የሚያቃስተው የቱ ጋ ሲደርስ እንደሆነ ግን ኮምፒዩተር አያውቅም። እሱን እርስዎ ይንገሩኝ።»

እሱን ጠየቀችው! ጆሮ ደስታው ሊገድለው ደረሰ። ጉሮሮውን ጠርጎ ሞተሩን በአፉ አሰማት፤ «ድድድድድ... እዚህ ጋ! እዚህ ጋ ነው የሚጨንቀው!» እሷም ሳትስቅ መስመሩን እዚያው ላይ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ካንዴላውን አስነቅላ ማስነሻውን በእጅ አስገፋችው። ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ ዜናውን ሳያቋርጥ ያነባል። «ጨረስኩ» አለችና እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ጆሮን ልቡ አላስቻለውም። ከመሳቢያው ብረት ለበስ የካንዴላ ቆብ አወጣ። ሃያ ዓመት በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖረው ነው፤ ስንቱ ለምኖት አልሰጠም። «ለእንዲህ ያለ ሥራ ፕላስቲክ አይመጥንም» ብሎ ካንዴላውን ቦታው መለሰ፤ የእሷን ቆብ ነቀለና የራሱን ሰካ።

ስትመለስ «መጀመሪያ እኔ ልርገጠው» አለ። ረገጠ። ጧ! ማስነሻው እግሩን አንስቶ ወረወረው፤ ጠረጴዛውን ባይዝ በጀርባው በወደቀ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«በቃ፣ ተዉት» አለች። «ካርዴን አወጣለሁ።»

ምራቱ ገመዶቹን አንድ በአንድ ለካች፤ ደህና ናቸው። መስመሩን አየች፤ ደህና ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው አባባ፣ የት ጋ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። እስቲ ካንዴላውን ነቅለው እንደገና በእጅ ይግፉልኝ።»

ገፋ። ሬዲዮው ጠሽ፣ ጠሽ አለ።

ጆሮ ክው አለ። ቅድም በእሷ ቆብ ሲሞከር ሬዲዮው አልተንጫጫም። የሚረብሸው የእሱ ቆብ ነው! ሬዲዮውን የረበሸ ሳጥኑንስ አሳስቶ እሳቱን ያለ ሰዓቱ ከማስላክ መች ይመለሳል? ምራቱ ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ ነው፤ እህቱ ፊቷን አዙራለች። ቀስ ብሎ ቢቀይረው ማን ያያል? እጁ ወደ ፕላስቲኩ ቆብ ተዘርግቶም ነበር። ከዚያ የልጅቷ እንባ ጠብ ሲል አየ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለ፤ ብረቱን ቆብ አንስቶ አሳያት። «ስትወጪ ቀይሬው ነው።»

«አባባ! የኔው እኮ ውስጡ ረብሻውን የሚያፍን ነገር አለው!» ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡባት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ወደ እህቱ ዞረ። «ያኔም እኔ ነኝ። እሳቱን አስቀድሜብሽ ነው። እግርሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ» አለች አዋላጇ።

«ምን?»

«ተኝቼ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሞተሩን ‹ይሄ እርኩስ ብረት› አልከው። አንተ ሞተር ሰድበህ ታውቃለህ? ጥፋቱ ያንተ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከአፍህ እስክሰማው ነው የጠበቅኩት። አራት ወር ጋሼ! አታፍርም?» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አሁን የሚሰካው የማን ቆብ ነው?»

«የልጅቷ።»

«እንግዲያው ስካውና ዞር በሉልኝ።»

ሰካላት። ያችኑ የተሰበረች እግሯን አነሳች። እግሯ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ረገጠች። ሞተሩ አልተማታም፣ አልተቆጣም፤ በአንድ እርግጫ ተነሣ። ምራቱ በእልልታ ጋራዡን አናጋችው። አዋላጇ ወደ ኋላ ሳታይ በበሩ ወጥታ ዳገቱን ያዘች።

ጆሮ በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«አቃሰተ እንዴ አባባ?» አለች ምራቱ ፈራ ተባ እያለች።

«ዝም በይ፣ ልስማ።»

ድምፁ ዳገቱን ጨርሶ ማዶ እስኪወርድ ጠበቀ። ከዚያ እንባውን በዘይታም እጁ ሲጠርግ ፊቱን ጥላሸት አስመሰለው።

«አላቃሰተም» አላት።