የኋላው በር መዝሙር

ኛሊየፕ የመዝሙሩን ስንኞች ደጋግማ በልቧ ብትላቸውም ፍርሃቱ አልለቅ አላት። በጉባኤው ፊት የተቀመጠው ፓስተር ጋትደት አባቷ ነው።

ድምፅ ማጉያው ከተሰረቀ ወዲህ ፓስተሩ የቤተ ክርስቲያኑን የኋላ በር አስቆልፏል። የኒውላንድ ሰፈር ሴቶች ወደ ውሃ ቦኖው የሚያቋርጡት በዚያ በር ነበር። አሁን ከሰው ቁመት በላይ ባደገው ሣር መሃል ዞረው ይሄዳሉ። ሰሞኑን ከሴቶቹ የአንዷን፣ የኛባንግን ልጅ እዚያ አንድ ሰው አሳደዳት፤ ጀሪካኗን ጥላ አመለጠች። ሴቶቹ ደጋግመው አቤት ቢሉም መልሱ «እናየዋለን» ብቻ ሆነ።

ያኔ ኛባንግ መዝሙር አወጣች። በእነሱ ጉባኤ መዝሙር የመጣለት ሁሉ ይዘምራል፤ የተጀመረ መዝሙር ደግሞ ፓስተርም ቢሆን አያቋርጥም።

«አንቺ ምሪው» አለቻት ኛባንግ።

«እኔ? አባቴ እኮ ነው!»

«ለዚህ ነዋ። ከእኛ ቢሸሽ ከአንቺ እራት ላይ አያመልጥም።»

«እራቱን ነው የፈራሁት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

አሁን ከበሮው ተመታ፤ እሷም ጀመረች። መዝሙሩ የንጉሥ ሮብዓም ታሪክ ነው። ሕዝቡ ቀንበራችንን አቅልልልን አሉት። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ብታገለግላቸው ዕድሜ ልክህን ያገለግሉሃል ብለው መከሩት። እሱ ግን ቀንበሩን አክብድ ያሉትን አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ ሕዝቡም ትቶት ወደየድንኳኑ ሄደ። የመጨረሻው ስንኝ የኛባንግ የራሷ ነው፦

«ጌታ ሆይ፣ እኔ በር ነኝ ብለሃል፤
ልጆቻችን ግን በሣር ውስጥ ይሮጣሉ።»

ከበሮው ቆመ። የኋላውን በር ቁልፍ የሚይዘው ወጣቱ ዲያቆን ኮአንግ ወደ ፓስተሩ ጆሮ ጠጋ ብሎ «በሰው ፊት አዋረዱዎት እኮ» ሲል ኛሊየፕ ሰማችው።

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። «በሮብዓም ታሪክ ውስጥ ስለ ሣር አላነበብኩም።»

«ጀሪካን ተሸክመው ስላላነበቡት ነው» አለች ኛባንግ ከመቀመጫዋ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ሳቁን ዋጠው።

ፓስተሩ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። ኛሊየፕ ይህን መወልወል ከቤት ታውቀዋለች፤ ሲቆጣም ሲያስብም እንዲሁ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስቀድማ አውቃ አታውቅም።

«ከጸሎት በኋላ መንገዱን አሳዩኝ» አለ በመጨረሻ።

ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ተከተላቸው፤ ኮአንግም እያጉረመረመ ከኋላ። ሣሩ መሃል ሲደርሱ ከፊቱ ትሄድ የነበረችው ልጁ ከዓይኑ ተሰወረች። የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ።

«ኛሊየፕ!» ጩኸቱ እሱን ራሱን አስደነገጠው።

«አለሁ፣ አባባ።»

እጁን ቢዘረጋ የሚደርስባት ቦታ ነበረች። ፓስተሩ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ። ከዚያ ወደ ኮአንግ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን።»