የጥርስ ሳሙና ክዳን ያለው ሬዲዮ

ስሟን የሚጠራ የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ በሙሉ «ጭንቄ» ነው የሚላት፤ ዝናብ ሳይመጣ ልብስ የምታስገባ፣ እንግዳ ሳይጠራ ሳህን የምትቆጥር ሰው ናት። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን በእውነት የሚያስጨንቅ ነገር ነበራት። አባቷ በማግስቱ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከታላቁ ወንድሟ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነው። አሁን የሚታያቸው ጥላ ብቻ ነው። ሐኪሙም «ይድናሉ» አላለም፤ «እንሞክራለን» ነው ያለው።

ከሳምንት በፊት «አባባ፣ ለሽኝትዎ ምን ልሥራልዎ?» ብላ ብትጠይቃቸው ሳቅ አሉና፣

«ያችን ሬዲዮ ባልሸጣት ኖሮ እሷን አዳምጥ ነበር» አሏት።

ሬዲዮዋ የተሸጠችው እናቷ በሞቱበት ሕመም ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ የሬዲዮዋን ነገር አንስተው አያውቁም። ስለዚህ ጭንቄ ነገሩን እንደ ቀልድ ልታልፈው አልቻለችም። ሬዲዮዋን በኬክ ልትሠራላቸው ወሰነች።

መሥራቱ አያቅታትም። ኬክ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ትሪ አጥባለች፤ ሦስት ዓመት ደግሞ ኬክ አስጊጣለች። ችግሩ አባቷ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ተራ ኬክ ደግሞ ጣት ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። ስለዚህ ኬክ ቤቱ መኪናና ግንብ የሚሠራበትን መላ መረጠች፤ የሩዝ ፈንዲሻ በቀለጠ ማርሽሜሎና በቅቤ ይለወስና ሳይቀዘቅዝ በእጅ እየተጨመቀ ቅርጽ ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ግን ይበላል። የኬክ ቤቱ ባለቤት አዘገጃጀቱን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። ጭንቄ በጎልማሶች ክፍል ማንበብ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበርና ወረቀቱን እንደ መታወቂያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ያዘችው።

ማርሽሜሎ ግን ጠፋ። ያንን ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ከረሜላ ፍለጋ አራት ሱቅ ዞረች።

«በልጄ ልደት ላይ አንድ ጊዜ ተያይተናል፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም» አላት የመጨረሻው ባለሱቅ።

ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ዘረጋች። ከግርጌው «የጠፋ ነገር በምን ይተካ» የሚል ነበረበት። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ «ማርሽሜሎ ከሌለ፣ ማር።» ማሩን ከፈንዲሻው ጋር ስትለውሰው እጇ ወዲያው «ይሄ አይይዝም» አላት። ወረቀቱ ግን ማር ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነገር የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ፤ አሁን እሷም ማወቅ ስትጀምር ከወረቀት ጋር ልትከራከር ነው? እጇን ዝም አሰኘችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ቀስ እያለ ወደ ጎን ተጋደመ። ልጇ ከመኝታ ክፍል ወጥታ ቆማ አየችው።

«እማዬ፣ ይሄ ሬዲዮ ነው ወይስ ክፉ ዜና ሰምቶ የወደቀ ሰው?»

«አትቀልጂብኝ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ ይመጣሉ። ምን ይዋጠኝ?»

«ወረቀቱ ምንድን ነው የሚለው?»

«ማር! ማር ይላል፣ ማር አደረግሁ!»

«እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ጭንቄ በማር የተለወሰ ጣቷን ላሰች። ጣፋጩ ምላሷ ላይ ሲያርፍ የእናቷ ትንሽ ወጥ ቤት ታየቻት፤ ጥላሸት የለበሰችው ድስት፣ መስኮቱ ላይ ያለው የውሃ ኩባያ። ወንድሞቿ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጥሩ፣ የቤቱ የመጀመሪያ ሴት ልጅ እሷ ነበረችና ምድጃ ዳር ቆማ የስኳር ጠብታ ትቆጥር ነበር። እናቷ ስኳሩን በጥቂት ውሃ ያፈላሉ፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያደርጉበታል። ከዚያ «ጣይ» ይሏታል። ከፈላው አንድ ጠብታ ቀዝቃዛው ውሃ ላይ ትጥላለች። ከሟሟ ገና ነው። እንደ ክር ከተዘረጋም ገና ነው። በጣት ሲያንከባልሉት ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ደርሷል። ያንን ፈንዲሻ ላይ አፍስሰው፣ እጃቸውን ዘይት ቀብተው፣ ለወንድሞቿ መመለሻ ኳስ ኳስ ይሠሩበት ነበር። አባቷ ደግሞ በዚያ ሰዓት በሬዲዮዋ ላይ አጎንብሰው ጣቢያ ይፈልጋሉ።

«ስኳር አውርጂልኝ» አለች ልጇን። «ሎሚም ፈልጊ።»

«የሩዝ ፈንዲሻው እኮ አልቋል።»

«ኮርንፍሌክስሽን አምጪው።»

«ቁርሴን?»

«ቁርስሽን! አድቅቂው።»

ስኳሩ ፈላ። ጠብታው አንድ ጊዜ ሟሟ፣ አንድ ጊዜ ተዘረጋ፣ በሦስተኛው በጣቷ መሐል ድቡልቡል ብሎ ቆመ። የደቀቀውን ኮርንፍሌክስ አገላብጣ ለወሰችው፤ እጇን ዘይት ቀብታ እያቃጠላት ጨመቀችው፣ አራት ማዕዘኑን በቢላዋ ጀርባ አስተካከለች። ሲቀዘቅዝ በጣቷ ብታንኳኳው ኳ ኳ አለ። ልጇ አጨበጨበች። ጭንቄ ቡናማ የስኳር ሊጥ አለበሰችው፤ የድምፅ ማውጫውን መስመሮች በሹካ አሰመረች፤ የጣቢያ ቁጥሮቹን ወረቀት ሳታይ ራሷ ጻፈች። የግራውን መዘውር ከቸኮሌት ሠራች። የቀኙ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

የቀኙ መዘውር እኮ ጠፍቶ ነበር! አባቷ በምትኩ የጥርስ ሳሙና ክዳን ነው የሰኩበት። ነጭ ሊጥ ድቡልቡል አድርጋ ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ሸነሸነችና በጥርስ መጎርጎሪያ ሰካችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቷ በወንድሟ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጧቸው።

«አባባ፣ እስቲ ይሄን ይንኩልኝ።»

«ምንድን ነው? ሣጥን ነው?»

«ይንኩት እንጂ።»

ጣታቸው በጠርዙ ሄደ፤ ማዕዘኑን ዞረ፤ የሹካውን መስመሮች እየቆጠረ ወረደ። ፊታቸው ምንም አልተለወጠም። የግራውን መዘውር ዳሰሱ፣ አለፉት። የቀኙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሽንሽኑን አንድ በአንድ ነኩት። ከዚያ እንደ ድሮው አጎንብሰው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ቀስ አድርገው አዞሩት።

ክዳኑ ወልቆ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ኧረ አሁንም ይወልቃል!» ብለው ጮኹ። ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እናትሽ ይሄን ፍለጋ ስንት ጊዜ አልጋ ሥር ገብታለች!»

ከጠርዙ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ቀርጠም አደረጉት፤ ከዚያ ማኘካቸውን አቆሙና ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እማዬ ናታ።»

«ጽፋልሽ ነው?» አሉ፤ ወዲያው ግን ሚስታቸውም ልጃቸውም ፊደል እንዳልቆጠሩ ትዝ አላቸውና አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ነኝ ቤት ያስቀረሁሽ።»

«አሁን እኔ እጽፈዋለሁ፣ አባባ» አለች ጭንቄ። «ሲመለሱ ያነቡልኛል።»

አባቷ ነጩን ክዳን በመዳፋቸው ሲያንከባልሉት ቆዩና የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ይቺ ለመንገድ ናት።»

ይቀልጣል፣ ኮቱን ያበላሸዋል ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።