የተቀያየሩት ፖስታዎች

ሃርላን ቮስበርግ ለክሬንሾ ካውንቲ ኮሚሽነርነት፣ ማለትም ለአውራጃው አስተዳዳሪነት፣ ሲወዳደር ይህ ሦስተኛው ነበር። መጀመሪያ በአራት መቶ፣ ቀጥሎ በዘጠና ድምፅ ተሸንፏል። ሽንፈቱ በዚህ ፍጥነት እየቀነሰ ከሄደ ዘንድሮ ማሸነፉ እንደማይቀር ለሰማው ሁሉ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ድርቆሽ ሲሸጥ የኖረ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ጎተራ በድምፁ የሚሞላ ሰው ነው።

ለመራጩ የገባው ቃል ሁለት ነበር። አንደኛው፣ አዲስ በረዶ ጠራጊ መኪና ይገዛል፤ ገንዘቡም በፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ያለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ተዘግታ ይገኛል። ሁለተኛው የፊርማ ጉዳይ ነው። በዚያ ግዛት ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። መራጩ ቤቱ በተላከለት ወረቀት ላይ ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ፣ በግዛቱ ገዥ በኩል አድርጎ፣ እስከ ካውንቲው ኮሚሽነር ድረስ ክብ ክቡን እያጠቆረ ይወርዳል፤ ከዚያ ወረቀቱን ስሙ በታተመበት ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ከጀርባው ፈርሞ ይልካል። ሃርላን ይህ አሠራር አይዋጥለትም። "ማን እንደፈረመው በምን ይታወቃል? ፖስታውን ከፍየል ጋር ብትቆልፉት ፍየሏም ትፈርማለች" ይል ነበር በየስብሰባው። ስለዚህ ድዋይት ፔነር የሚባለውን ጎረቤቱን የታዛቢዎች አለቃ አድርጎ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ፊርማዎቹ ከሚመሳከሩበት ክፍል መስታወት ጀርባ አስቀመጠው። ትእዛዙም አጭር ነበር፤ ፊርማው ትንሽ ከተጣመመ ምሕረት የለም።

በቮስበርግ ቤት ድምፅ የሚሰጠው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሃርላን የራሱን በአራት ደቂቃ ጨረሰ። ሚስቱ ናዲን የእሷን ይዛ ወደ ልብስ ስፌት መኪናዋ ክፍል ገባችና ግማሽ ሰዓት ቆይታ፣ ወረቀቱን አጥፋ ተመለሰች። ማሸጉ የሃርላን ሥራ ነው። ናዲን ሙጫውን በደንብ አታረጥበውም ብሎ ስለሚያምን ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚያ ቤት ፖስታ ያሸገ ሌላ ሰው የለም። ሁለቱን ፖስታዎች ስም ያለበትን ፊታቸውን ወደ ታች ደፍቶ፣ የራሱን ወረቀት በአንዱ፣ የእሷን በሌላው ከተተ፤ በእርጥብ ስፖንጅ አሽጎ የእሷ ወረቀት ያለበትን ወደ እሷ ገፋላት። ሁለቱም ፈረሙ። ገልብጦ ስሙን ያየ አልነበረም።

ምርጫው ሲያልፍ ፕሬዚዳንቱም የግዛቱ ገዥም በማግስቱ ታወቁ። የክሬንሾ ኮሚሽነር ግን አልታወቀም። የተቆጠረው ሁሉ ተቆጥሮ የሃርላን ተፎካካሪ ማርሊስ ኦኬፍ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሃርላን ቮስበርግ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አገኙ። ፊርማቸው አልመሳሰል ብሎ የተለዩ ፖስታዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው እየመጡ ፈርመው ሁለት ብቻ ቀሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃርላን የደብዳቤ ሳጥኑን ሲከፍት ሁለት አንድ ዓይነት ደብዳቤ አገኘ። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለናዲን። በፖስታዎ ላይ ያለው ፊርማ በእጃችን ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ እስከ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት በአካል ቀርበው ካልፈረሙ ድምፅዎ አይቆጠርም ይላል። ሃርላን ሁለት ጊዜ አነበበውና ስልኩን አነሳ።

"ድዋይት፣ እነዚያ የቀሩት ሁለቱ እኛ ነን።"

"የትኞቹ? ያቺ እንደ ዶሮ ጭረት የሆነችው? እኔ ነኝ እኮ ጣቴን የቀሰርኩባት። ስሙ ያለበት በኩል አይታየኝም ነበር።"

"ደግ አደረግክ። ማርሊስ በአንድ እየመራችኝ ነው፣ እኛ ሁለት ነን። ደምረው።"

ድዋይት ደመረውና ለሰው ሁሉ ደወለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ በፒክአፑ ወደ ከተማ ወረዱ። ሃርላን በደስታ መሪውን በጣቶቹ ይደበድባል።

"ሁለት ድምፅ" አለ። "አንቺና እኔ። ሰው ለልጅ ልጁ ያወራዋል።"

ናዲን በመስኮቱ የታጨደውን ማሳ ታያለች።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል?"

"'እንኳን ደስ አለህ' በይ።"

"ቆይ እስኪቆጠር።"

ሃርላን ጣቶቹን አቆመ።

"ናዲን።"

"አቤት።"

"ለእኔ ነው አይደል የሰጠሽው?"

"ሃርላን፣ ቤተ መጻሕፍቱን እዘጋለሁ ብለህ አራት ቦታ ተናግረሃል። አራቱም ቦታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምውል ታውቃለህ?"

"መጽሐፍ ስትደረድሪ።"

"አሥራ ሁለት ዓመት።"

"በረዶ ጠራጊ እኮ ነው የምገዛው። ለአንቺም መንገድ ይጠርጋል።"

"ወዴት እንድሄድ?"

"ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ? ንግግሬን የተየብሽልኝ አንቺ ነሽ።"

"ግድፈቱንም ያረምኩት እኔ ነኝ። አልጠየቅከኝማ።"

ሃርላን ፍጥነቱን ቀነሰ። ሁለቱም ከተቆጠሩ እሱ አንድ፣ ማርሊስም አንድ ይጨምራሉ፤ በአንድ ድምፅ ይሸነፋል። የናዲን ከቀረ ግን እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ሲሆኑ ሕጉ ሳንቲም ይጣል ይላል። ሳንቲም ደግሞ ግማሽ ዕድል ነው። በሦስት ምርጫ ከዚህ የተሻለ ዕድል አጋጥሞት አያውቅም።

"ፊትሽ ገርጥቷል" አለ። "ጉንፋን ሊይዝሽ ነው መሰለኝ።"

"ደህና ነኝ።"

"ሰልፍ ይኖር ይሆናል። አንቺ መኪናው ውስጥ ብትቆዪ አይከፋም።"

"እንድቀር ትፈልጋለህ? ቅሪ በለኝና እቀራለሁ።"

ሃርላን መሪውን ወደ ፍርድ ቤቱ ጠመዘዘ። እንዲህ ያለ ነገር በጎን ሲሉት ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት ሲጠይቁት ግን ከባድ ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ሲደርሱ ድዋይት ከአሥራ ሁለት ደጋፊዎች ጋር ቆሟል፤ በእጁ "ኮሚሽነር ቮስበርግ" ተብሎ በሰማያዊ ክሬም የተጻፈበት ኬክ ይዟል።

"መጡ፣ ሁለቱ ድምፆች መጡ" አለ ድዋይት። "ናዲን፣ ዛሬ አገሪቱ ባንቺ እጅ ናት።"

ናዲን አመስግና ገባች።

ጆሊን ታከር የምትባለው የምርጫ ሠራተኛ ሁለቱን ፖስታዎች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከመስታወቱ ጀርባ ኬኩም ሰዎቹም ተደርድረዋል።

"ሚስተር ቮስበርግ፣ ነገሩ ቀላል ነው" አለች። "የእርስዎ ስም ባለበት ላይ እሳቸው ፈርመዋል፤ የእሳቸው ስም ባለበት ላይ እርስዎ። ማን ነው ያሸገው?"

"እሱ ነው" አለች ናዲን።

"እንግዲህ እያንዳንዳችሁ በስማችሁ ላለው ፖስታ ትፈርማላችሁ።"

ሃርላን ፖስታዎቹን አየ። "ቆይ። የእኔ ወረቀት ያለው በእሷ ስም ውስጥ ነው ማለት ነው?"

"ውስጡን እኔ አላይም። በፊርማው ከሄድን ግን አዎ።"

"እሷ ካልፈረመች?"

"የእርስዎ ይቀራል።"

"እኔስ ካልፈረምኩ?"

"የእሳቸው ይቀራል።"

ናዲን ይህ ሁሉ ሲባል በክር የታሰረውን እስክሪብቶ አንስታ ፈርማ ጨርሳለች። የፈረመችው ባሏ ለራሱ የሰጠው ድምፅ እንዲቆጠር መሆኑን ሰምታለች። እስክሪብቶውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውሻ ፈቃድ ማሳሰቢያ ማንበብ ጀመረች።

ሃርላን እስክሪብቶውን ያዘ። አሁን ሚስቱን መኪና ውስጥ ማስቀረት አያስፈልገውም፤ እጁን መሰብሰብ ብቻ በቂ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ድዋይት ድምፁን ከፍ አደረገ። "ፈርም እንጂ ኮሚሽነር፣ ክሬሙ እየቀለጠ ነው።"

ፈረመ። የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀቶቹን ካሳተመ ወዲህ የለመዳት አዲስ ፊርማ አለችው፤ መጨረሻዋ ላይ እንደ ፈረስ ጭራ ትጠመዘዛለች። ጆሊን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አስተያየችና ራሷን ነቀነቀች።

"አይመሳሰልም። ይህን መቀበል አልችልም።"

ከመስታወቱ ጀርባ ጫጫታ ሆነ። ድዋይት በበሩ አንገቱን አስገባ።

"ኧረ ጆሊን፣ ሰውየውን አታውቂውም እንዴ? ልጆችሽን በድርቆሽ ጋሪ ያዞረ ሰው እኮ ነው። ትንሽ ጭራ ብትኖረው ምን አለበት?"

"ትንሽ ከተጣመመ ምሕረት የለም ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ደብዳቤ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለ። ላንብብልህ?"

"ያ ለሌላ ሰው ነበር።"

ሃርላን የማምለጫ በር ሲከፈትለት አየ። ፈርሟል፤ አልተቀበሉትም፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ደንብ ደንብ ነው ብሎ ኮፍያውን ቢያነሳ ደጋፊዎቹ በክብር ይሸኙታል፣ ሳንቲሙም ይጣላል። ወደ ናዲን ዞረ። አሁንም የውሻውን ማሳሰቢያ እያነበበች ነው፤ ውሻ እንኳ የላቸውም። እስክሪብቶውን ስታነሳ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አለማመንታቷ ትዝ አለውና ጆሮው ጋለ።

"መንጃ ፈቃዱን አሳዪኝ እስቲ" አለ።

ድሮ የፈረማት ጠባብና ዓይን አፋር ፊርማ ነበረች። ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ተማሪ እያየ፣ አንድ በአንድ ገለበጣት። ጆሊን አስተያየች።

"ይኸው። ይህ እርስዎ ነዎት" አለችና ማኅተሙን አሳረፈችበት።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ፖስታዎች ተከፈቱ። ማርሊስ ኦኬፍ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፣ ሃርላን ቮስበርግ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ምስጢራዊ የተባለው ድምፅ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በካውንቲው ውስጥ ምስጢር የሆነበት ሰው አልነበረም፤ ከቮስበርግ ቤት አንዱ ለማርሊስ ሰጥቷል። የቀረው ጥያቄ ማን የሚለው ብቻ ነበር።

ማምሻውን ድዋይት መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። ናዲን ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች።

"ናዲንን አልጠረጥርም" አለ ድዋይት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አራቱንም ስብሰባ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። አንተ ደግሞ እዚያ ባንኮኒ ላይ ስትፈርም እጅህ ሲከብድ አይቻለሁ። ተናገር እስቲ። ማን ነው?"

ወጥ ቤቱ ውስጥ የውሃው ድምፅ ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለ ሃርላን።

"በራስህ ላይ?"

"በረዶ ጠራጊው በመጨረሻው ሰዓት በጣም ውድ መሰለኝ።"

ድዋይት ኮፍያውን ማሽከርከሩን አቆመ።

"እውነቱን ልንገርህ" አለ፣ "ለእኔም ውድ መስሎኝ ነበር። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"

ኮፍያውን ደፍቶ ደረጃውን ወረደ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ውሃው እንደገና መፍሰስ ጀመረ።