በዓይን ሳይታይ

ማለዳ ሐይቁን ጉም ውጦት ነበር። ጠባቂው ታቬቲ የሐይቁን አፍ በዘጋው የግንድ ማገጃ ላይ ቆሞ፣ ባለመንጠቆ ዘንጉን ተደግፎ ያዳምጣል። ዓይን በማይሠራበት ቀን የሰው አለኝታ ጆሮው ነው። ከኋላው በረዶው ሳይቀልጥ ከየጫካው የተቆረጠው ግንድ ሐይቁ ላይ ታጭቆ እርስ በርሱ ይፋጫል። ከፊቱ ወንዙ ጠባቡን ይዞ፣ እያጓራ ወደ ታችኛው መንደር ይወርዳል።

ዕለቱ እሑድ ነው። እሑድ እሑድ የታችኛው መንደር ሰዎች በረጅሙ የቤተ ክርስቲያን ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ይቀዝፋሉ፤ በማገጃው ጫፍ ባለችው የጀልባ በር ሾልከው ሐይቁን ተሻግረው ለጸሎት ይሄዳሉ። ዛሬ ልጁ ሂልያ አብራቸው አለች። በኩሯን ልታስጠምቅ ነው። ታቬቲ የልጅ ልጁን ገና አላየውም።

በጠባቂው ጎጆ ግድግዳ ላይ የወንዙ ሕግ በሰሌዳ ተጽፎ ተቸንክሯል። ታቬቲ ማንበብ የተማረው ከዚያ ሰሌዳና ከመዝሙር መጽሐፉ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በእሑድና በበዓል ቀን፣ ጀልባ ማለፉ በዓይን ሳይታይ ግንድ አይለቀቅ። የከፈተ እርሱ ይዝጋ።»

የግንድ ነጂዎቹ አለቃ አውኩስቲ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ።

«አያ ታቬቲ፣ ቆመህ እየጸለይክ ነው ወይስ እያንቀላፋህ?»

«እየጠበቅሁ ነው።»

«ውሃው ግን አይጠብቅህም። ያን ድንጋይ እየው፤ ትናንት ከውሃ በታች ነበር፣ ዛሬ ራሱን አወጣ። አሁን ካልለቀቅን ይሄ ሁሉ እንጨት እዚሁ ተጋድሞ ይከርማል።»

«ጀልባዋ ትለፍ።»

«እንዳለፈች በምን ታውቃለህ? በዚህ ጉም አፍንጫህን እንኳ አታየውም፤ ያውም ያንተን የሚያህል አፍንጫ!»

ነጂዎቹ ሳቁ። ታቬቲም ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ሲያልፉ ይዘምራሉ» አለ።

እውነቱን ነው። ወንዙን ሽቅብ ሲቀዝፉ ማንም አይዘምርም፤ ትንፋሽ ለመቅዘፊያው ነው። ማገጃውን አልፈው ከረጋው ሐይቅ ሲደርሱ ብቻ ሽማግሌው ኢቫሪ ከፊት ብድግ ይልና መዝሙሩን ያነሳል።

ጥቂት እንደቆዩ መዝሙሩ መጣ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ስልል ብሎ። መጀመሪያ የኢቫሪ ሻካራ ድምፅ፣ ከዚያ የሴቶቹ። ታቬቲ ቆቡን አወለቀ።

«ይኸውልህ!» አለ አውኩስቲ። «እኛ እዚህ ስንቀላለድ እነሱ ሾልከው ሄዱ። በል ክፈት።»

ታቬቲ ማገጃው ጫፍ ወዳለችው የጀልባ በር ዞረ። ጉም ነው። ሰሌዳው ትዝ አለው፤ ሄዶ ሊያይ አንድ እግሩን አነሳ። ግን ያን መዝሙር እንዴት ይጠራጠረዋል? ሂልያን ሕፃን ሳለች ያስተኛት የነበረው በእርሱ ነው። እግሩን መለሰ። «በሰላም ያግባችሁ» አለና ማገጃውን የያዘውን ሰንሰለት ፈታ።

ግንዱ መጀመሪያ አንድ ሁለት እያለ፣ ከዚያ በረት እንደተከፈተለት መንጋ እየተጋፋ ጠባቡ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ነፋስ ተነሳና ጉሙን ገለጠው። ማዶ ያለው ጥቁር ገደል ታየ። ከገደሉ ወዲህ ሐይቁ ባዶ ነው። ጀልባ የለም። መዝሙሩ ግን አሁንም ከዚያ ይመጣል። ታቬቲ ገደሉን አየ፣ ባዶውን ውሃ አየ፤ ከዚያ አንገቱ እንደ ደረቀ ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። ጀልባዋ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ ስትል ያው መዝሙር ከታች በኩል ጥርት ብሎ ተሰማው። ሐይቁ ላይ ሲዘምር የቆየው የገደል ማሚቶ ነበር።

«ዝጉት!»

ሁሉም ሰንሰለቱ ላይ ተረባረቡ፤ የግንዱ ግፊት እንደ ገለባ ወረወራቸው። ከታች መዝሙሩ ስንኙ ሳያልቅ ተቆረጠ።

ታቬቲ በዳር በዳር ሮጠ። ጀልባዋ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ሰዎቹ ከዳር ባለው ዝርግ ድንጋይ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥለዋል። ሂልያ ከመካከላቸው ተቀምጣ ጥቅልል ታቅፋለች። ጥቅልሉ ድምፅ የለውም።

«የሚሞት መስሎን እዚሁ በወንዙ ውሃ አጠመቅነው» አሉት ከጀልባዋ የተረፉት አሮጊት እማማ ሎቪሳ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ቄስ በሌለበት እንዲህ ነው። ምን ላድርግ ልጄ?»

ጥቅልሉ ትን ብሎት ሳለ። ደግሞ ሳለና ማልቀስ ጀመረ። ታቬቲ ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ኢቫሪስ?» አለ።

ሁሉም ውሃውን አዩ።

«ከፊት ቆሞ በመቅዘፊያው ግንዱን ሲገፋልን ነበር» አለች ሂልያ። «የኔ ጥፋት ነው አባዬ። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ዝም አልል ሲለኝ፣ ‹አያ ኢቫሪ፣ ዛሬ እንኳ ወንዙ ላይ ዘምርልኝ› ብዬ ለመንኩት። በመዝሙሩ ምክንያት የግንዱን ድምፅ አልሰማንም።» ከዚያ ቀና አለች። «ግን አንተ እያለህ ማን ደፍሮ ከፈተው?»

ታቬቲ አፉን ከፈተ። ምላሱ የሌላ ሰው ምላስ መሰለው።

«እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«መዝሙሩን ሰምቼ ነው። ያለፋችሁ መስሎኝ።»

ሂልያ በማታውቀው ቋንቋ እንዳናገራት ሁሉ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ልጁን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። ጎናቸው ግንዱ እየተላተመ መውረዱን አላቆመም፤ ግንዱ ካልቆመ ደግሞ ኢቫሪን ለመፈለግ ማንም ውሃው ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ታቬቲ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አሉት እማማ ሎቪሳ።

«ልዘጋ» አለና ሽቅብ ወደ ማገጃው ሮጠ።