የሲስተር የመጀመሪያ ጠመቃ

ጋሽ አፍንጫ ማሽተት ካቆመ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ይህን ጉድ የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም፤ ያቀረበችለትን ሁሉ «አቤት ሽታው!» እያለ ይበላል።

ሰውየው «አፍንጫ» የተባለው አፍንጫው ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ድፍጥጥ ያለች፣ መነጽር እንኳ በቅጡ የማትሸከም አፍንጫ ናት። ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ያበላችው እሷ ነች። የከተማው ውሃ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከየሰፈሩ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ይደረደርለት ነበር፤ እሱ ተራ በተራ እያሸተተ «ይሄኛው ክሎሪን በዝቶበታል፣ የዚህኛው ሰፈር ቱቦ ዝጓል፣ ይሄ ደህና ነው» ይል ነበር። የመሣሪያው ውጤት ቆይቶ ነበር የሚመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ እሱ ያለውን ይደግም ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲያንገበግበው፣ ጎረቤቱ የጥርስ ሀኪሙ «ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዤ ውስጥ ቢራ እንጠምቃለን፣ ና እስቲ» አለው። ሄደ፣ አንዱን ብርጭቆ አንስቶ አሸተተና «እርሾው ሙቀት በዝቶበታል» አለ። የሙቀት መለኪያው ሲታይ እውነትም በዝቶበታል። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ አፍንጫ ሆነ።

ይኸው ስምንት ዓመት። እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ጠምቆ አያውቅም። ብቅል አይፈጭም፣ ጀሪካን አያጥብም፣ ቆርኪ አይመታም። ይመጣል፣ ክንድ ማሳረፊያ ያላትን አንዲቷን ወንበር ይይዛል፣ ያሸታል፣ ይፈርዳል። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት የያዘው ጉንፋን ለቅቆት ሲነሳ የጠዋት ሳሙናው ምንም አልሸት ሲለው ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ከአፍንጫው በላይ ያስጨነቀው ቅዳሜ ነው። አፍንጫ የሌለው አፍንጫ እዚያ ጋራዥ ምን ይሠራል? ወንበር ለማሞቅ? እያከበሩ ሳይሆን እያዘኑለት ሲቀዱለት ታየውና አንጀቱ እርር አለ። ስለዚህ ዝም አለ።

ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰውየው ማታለልም ለመደ። የሀኪሙ ግራ ቅንድብ ቢራ ሲበላሽበት ወደ ላይ ትሰቀላለች፤ እሷን ያያል። አረፋውን ያያል፣ የጠመቃ መዝገባቸው ላይ የተጻፈውን ሙቀት ሰረቅ አድርጎ ያነባል፣ ምላሱ ላይ ጣፋጩንና መራራውን ይለያል፤ ምላሱ እንኳን አልከዳችውም። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ትንፋሽ ስቦ የሆነ ነገር ይላል። እስካሁን ያጋለጠው ሰው አልነበረም።

የዛሬው ቅዳሜ ፀሐያማ ነበር። የሀኪሙ መኪና እንደ ወትሮው ውጭ ፀሐይ እየመታት ቆማለች፤ ጋራዡን ጀሪካንና ጠርሙስ ወርሶታል። የሀኪሙ ሚስት በመስኮት «ለመኪናዋ ጃንጥላ ግዛላት!» ብላ ገባች፤ ይህንንም በየሳምንቱ ነው የምትለው። ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አይብና ዳቦ እየቆረሱ ነው፦ ጋሽ አፍንጫ፣ የጋራዡ ባለቤት ሀኪሙና ቲቸር። ቲቸር ሂሳብ ያስተምራል፤ ከጠመቃ የተረፈውን ብቅል ከዱቄት ጋር አቡክቶ የሚጋግረው ዳቦ ከቢራው ይበልጣል ይሉታል። እሱ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም።

«ጥቅል ጎመኑ ፈነዳ» አለ ቲቸር፣ አይቡን እየቆረጠ።

«ምን ማለት ነው ፈነዳ?» አለ ሀኪሙ።

«ፈነዳ ማለት ፈነዳ ነዋ! በጨው አሽቼ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። ለምን ቁም ሳጥን እንዳትለኝ፣ ጨለማ ይወዳል። ክዳኑን ትንሽ ማላላት ረሳሁ። እሁድ ምሳ ልንበላ ስንል ቷ! አለ። የባለቤቴ ቀሚሶች ላይ።»

«እና አሁን የት ነው የምትተኛው?»

«ሶፋው ያን ያህል አይከፋም።»

ጋሽ አፍንጫ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲህ ያለውን ወሬ ነው የሚወደው፤ እንዲህ ያለውን ወሬ እንዳያጣ ነው የሚዋሸው።

ሲስተር የገባችው ያኔ ነው። ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል የምትሠራ፣ እነሱን ከተቀላቀለች ገና አርባ ቀን ያልሞላት ሴት ናት። አምስት ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ አቅፋለች።

«ደረሰ!» አለች፣ እያለከለከች። «የመጀመሪያዬ ነው፣ እንዳትስቁብኝ። ነገ አማቶቼ ለምሳ ይመጣሉ። አማቴ ለባሌ ምን እንዳለችው ታውቃላችሁ? ‹ሆስፒታል ውላ ከምትመጣ ሴት ማዕድ ቤት ምን ይወጣል?› ነገ አሳያታለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ካላሉ ግን አላቀርበውም። ደህና ነው ካሉኝ ደህና ነው፣ ድፊው ካሉኝ አሁኑኑ እደፋዋለሁ።»

ቆርኪው ጭስስ ብሎ ተከፈተ። አረፋው ነጭ፣ ቀለሙ የማር። ጋሽ አፍንጫ ብርጭቆውን አስጠግቶ ሳበ፤ ምንም፣ ባዶ ክፍል። ቀመሰው። መራራው ልክ ነው፣ ጣፋጩም አለ፣ ምላስ ላይ ሞቅ ብሎ ይፈላል። የሀኪሙን ቅንድብ ሊያይ ቀና ሲል ሰውየው ለካ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የወደቀ ቆርኪ ይፈልጋል። ምን ይሻላል? ሲስተር ትንፋሿን ይዛ ቆማለች። ቲቸር ፍርዱን መዝገቡ ላይ ሊጽፍ እስክሪብቶ አንስቷል።

«ንጹህ ነው» አለ ጋሽ አፍንጫ። «እጅሽ ይባረክ።»

ሲስተር እልል ልትል ምንም አልቀራት። ለሁሉም ቀዳች። ሀኪሙ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ አንዴ ተጎነጨ። ቅንድቡ ተሰቀለች። ጋሽ አፍንጫን አየ። ቅንድቡ ቀስ ብላ ወረደች።

«አዎ» አለ። «ንጹህ ነው… ንጹህስ ነው።»

ቲቸር በአንድ ትንፋሽ ዋጠው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በጣም ንጹህ ነው» ብሎ እንደ መድኃኒት የጠጣ ሰው ዳቦ ጎረሰበት። ብርጭቆውንም ወደ አይቡ ሳህን ጀርባ ገፋ አደረገው።

ጋሽ አፍንጫ ይህን ሁሉ አየ።

«ዕቃውን በምን አጠብሽው ልጄ?»

«በበረኪና ነዋ! ጀሪካኑን፣ ቱቦውን፣ ጠርሙሶቹን፣ ሁሉንም ስዘፈዝፈው ዋልኩ። እንደ ቀዶ ጥገና ዕቃ ነው ያደረግኩት።»

«ከዚያስ አለቀለቅሽው?»

«ለምን ብዬ? ተመልሶ ጀርም ሊገባበት?»

ጋሽ አፍንጫ ክው አለ። በረኪናና ብቅል ሲገናኙ የሚወጣውን ሽታ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ የለም፤ የቁስል ፕላስተር ሽታ ነው፣ የክሊኒክ ኮሪደር ሽታ። ሰላሳ ዓመት ሲያሳድደው የኖረ ነገር ብርጭቆ ሙሉ ሆኖ አፍንጫው ሥር ተቀምጧል፣ እሱ ደግሞ «እጅሽ ይባረክ» ብሏል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሽታ ውስጥ ስለምትውል ለራሷ አይታወቃትም። እነዚህ ሁለት ጅሎች ደግሞ እሱን አምነው ፕላስተር እየጠጡ ነው። ነገ አማቲቱ ትቀምሰዋለች፤ «ይኸው፣ አላልኩም?» ትላለች።

ማምለጫ ነበረው። «ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይረፍ፣ አሁን አታቅርቢው» ቢል ነገሩ በዚያው ያልቃል፣ ክብሩም ይተርፋል። አፉን ከፈተ።

«ብቻ ለሁለት ሳምንት ይረፍ…»

«እሺ ጋሼ» አለች ሲስተር፣ ለምን እንኳ ሳትል። ወዲያው ጠርሙሶቹን መልሳ በፎጣ መጠቅለል ጀመረች። እንዲህ ያለ ማመን አንገቱን አስደፋው። ለዚህች ልጅ መዋሸት አቃተው፣ በቃ አቃተው።

«አይደለም» አለ። «ቆይ። ቢራሽ ተበላሽቷል። ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። ማለቴ መሽተት አለበት፤ እኔ አልሸተተኝም። ምንም አይሸተኝም። ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ እናንተን እያየሁ ነው የምፈርደው። ይኸው ተናገርኩ።»

ጥግ ላይ ካለው ጀሪካን አየሩ ብልቅ፣ ብልቅ እያለ ይወጣል።

«ያ ጥቁሩስ?» አለ ቲቸር፣ ቀስ ብሎ።

ጋሽ አፍንጫ ይህ እንደሚመጣ አውቋል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቲቸር ያመጣው ጥቁር ቢራ ላይ ስስ ነገር ሰፍፎ አይቶ «ይሄስ አልቆለታል» ብሎ ፈርዶበት ነበር።

«አላሸተትኩትም» አለ።

«ሃያ ሊትር!» ቲቸር ብድግ አለ። «ሃያ ሊትር በገዛ እጄ ቱቦ ውስጥ ደፋሁ! አርባ አምስት ቀን የጠበቅኩትን! እያሸተትክ መስሎኝ!»

ስምንት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለው የኖረ ሰው ነው። ጋሽ አፍንጫ ተነስቶ ኮቱን ከምስማሩ ላይ አነሳ። እጅጌውን ማግኘት ግን አቃተው።

«የት ነው?» አለ ቲቸር።

«ቤቴ ነዋ። እዚህ ከእንግዲህ ምን እሠራለሁ?»

«የትም አይኬድም! ሃያ ሊትር አስደፍተኸኝ የት ነው የምትሄደው? ቁጭ በል አንተ!»

ጋሽ አፍንጫ ደንግጦ ቁጭ አለ፣ ኮቱ በአንድ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ። ሀኪሙ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቲቸር ግን አልሳቀም። ቆሞ ትንሽ ተነፈሰና ድምፁ ወረደ።

«እኔ እኮ ወድጄው ነበር» አለ። «ጥቁሩን። ቤት ቀምሼ፣ እንዲህ ያለ ጠምቄ አላውቅም ብዬ ነው ያመጣሁት። አልቆለታል ስትለኝ ምላሴ የማይረባ ነው አልኩ። አልተናደድኩም፤ አፈርኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአፍንጫ ማን ይናገራል?»

«እኔም በኋላ ቀምሼው በልቤ ጥሩ ነው ብዬ ነበር» አለ ሀኪሙ ከግድግዳው ሳይዞር።

«ያን ዕለት ጥርስ ሊነቀልለት የመጣ ሰው ጠርቶህ ውጭ ነበርክ፣ ቅንድብህን ከየት አምጥቼ ልይ!» አለ ጋሽ አፍንጫ። ስለ ቅንድቡ እንዳመለጠው ያወቀው ሁሉም ሲያፈጡበት ነው። ከዚያ በኋላ ሳቁን የያዘው ሰው የለም፤ ቲቸር እንኳ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

ሲስተር ግን ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። የሥራ ፊቷን ነው የያዘችው። መቼ ጀመረዎት? ትኩሳት ነበረዎት? ሐኪም አይተዋል?

«አላየሁም።»

«ጎረቤቱ ሐኪም ሆኖ!» ጮኸ ሀኪሙ።

«አንተ የጥርስ ነህ።»

«አፍንጫ ከጥርስ አንድ ፎቅ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ስሙኝ ጋሼ» አለች ሲስተር። «ለአንዳንዱ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም፤ ቃል አልገባልዎትም። ሰኞ ሐኪም ያየዎታል፣ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ። እስከዚያው በየቀኑ የሚያውቁትን ነገር ያሽትቱ፤ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ የፈለጉትን። ባይሸትዎትም ያሽትቱ። አጠገብዎ ደግሞ የሚሸተው ሰው ይቀመጥና ምን እንደሚሸት ይንገርዎት።» ከዚያ ጠርሙሶቿን አየችና ተነፈሰች። «ለአማቴ እንግዲህ ውሃ አቀርባለሁ።»

«ምን ሲደረግ!» አለ ሀኪሙ፣ ከመደርደሪያው ስድስት ጠርሙስ እያወረደ። «የኔን ውሰጂ። የራሴ ነው እንዳትያት ግን፤ ጓደኞቼ ጠመቁት በያት። የሚቀጥለውን እዚሁ አብረን እንጠምቃለን፣ አጥበን፣ አለቅልቀን።»

«ዳቦውንም ውሰጂ» አለ ቲቸር። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ጠርሙስ አወጣ፤ ዛሬ ለፍርድ ያመጣው አዲሱ ጠመቃ ነው። ከፈተው፣ ቀዳ፣ ብርጭቆውንም ከጋሽ አፍንጫ አፍንጫ ሥር አደረገው።

«አሽትት።»

«ምንም።»

«እሺ። እኔ ልንገርህ።» ቲቸር አሸተተና ፊቱ ቀላ። የመጣለትን ሽታ እዚህ ጋራዥ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። «እርሳስ ሲቀረጽ… እንጨቱ እንደሚሸተው ነው። አዲስ ደብተርም። ልሳሳት እችላለሁ።»

«የምን እርሳስ!» አለ ሀኪሙ ብርጭቆውን ነጥቆ። «ይሄ የበሰለ ሙዝ ነው። ልጣጩ ጠቆር ያለ ሙዝ።»

«እኔን በዝናብ የቆየ ሣር ነው የሚሸተኝ» አለች ሲስተር፣ ከዚያ ፈራ ተባ ብላ፣ «እኔን ግን አትመኑኝ።»

«ሣር? የት ላይ ነው ሣሩ?»

«ከሥር ነው፣ ደህና አድርጎ ላሸተተው ሰው!»

ጭቅጭቁ ጦፈ። ጋሽ አፍንጫ ክንድ ማሳረፊያው ላይ ተደግፎ ይሰማል። ስምንት ዓመት አብሯቸው ሲቀመጥ ሙዝም፣ እርሳስም፣ ሣርም ሰምቶ አያውቅም፤ እሱ ሲናገር እነሱ እየጻፉ ነው የኖሩት። ይህን ሁሉ አፍነው መያዛቸውን ሲያስበው አፈረ፤ ደስም አለው፣ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡበት።

«ጋሼ፣ ይፍረዱና እንገላገል!» አለች ሲስተር ከልማድ፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ጋሽ አፍንጫ ኮቱን ከእጁ አውልቆ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለው።

«እኔ እንጃ» አለ። ይህን ቃል እዚያ ጋራዥ ውስጥ ተናግሮ አያውቅም፤ ሲወጣለት ግን ቀለለው። «ስለ እርሳሱ እስቲ እንደገና ንገረኝ።»

ቲቸር ወንበሩን ወደሱ አስጠጋ።